ዳገትና ቁልቁለት በሰማይ፦ ከዋሽንግተን እስከ ሰቆጣ ስንት ሰዓት ነው?

(የመግቢያ ዜማ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። የዛሬው ጉዳያችን መንገድ ነው፤ የሰማይ መንገድ። ተማሪዎች፣ ጥቂት ስሌት ስላለን እርሳስና ወረቀት አቅርቡ።

የምንነሳው ግን ከምድር ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው አንድ ጥያቄ ይመልስልኝ። መውረዱና መውጣቱ እኩል ጊዜ ይወስዳሉ? አይወስዱም። ቁልቁለቱን እግር እየተጣደፈ ይወርደዋል። ዳገቱ ላይ ግን ጉልበት ይዝላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የተጫነች አህያም መሃል ላይ ካላረፈች አትወጣም። መንገዱ አንድ ነው፤ ጊዜው ግን ሁለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ስለ ሩቅ አገር ሲጠይቁ "የስንት ቀን መንገድ ነው?" ይላሉ። ለሰቆጣ ገበያ አሞሌ ጨው ያመላልሱ የነበሩ ነጋዴዎችም መንገዳቸውን የሚቆጥሩት በውሎና በአዳር ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ የአባቶች አቆጣጠር ለአውሮፕላንም እንደሚሠራ ነው። በሰማይም ዳገት አለ፤ ቁልቁለትም አለ።

(አጭር ዜማ)

አንዲት የሰቆጣ እናት ልጇን ትጠብቃለች እንበል። ልጅቷ የምትኖረው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አካባቢ ነው። በዚያ አካባቢ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ነሐሴ 16 ሻደይ ነው፤ በሰቆጣ አካባቢ፣ በዋግ፣ ልጃገረዶች ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩበት ቀን። ልጅቷም ለሻደይ ልትደርስ ትኬት ቆርጣለች። እናት "ልጄ ስንት ሰዓት ትጓዛለች? መቼስ ትደርሳለች?" ብላ ትጠይቃለች። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ በትክክል ለመመለስ ግን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። እነሱም ርቀቱ፣ የሰዓቱ አቆጣጠርና የአየሩ ጠባይ ናቸው።

ከርቀት እንጀምር። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 720 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሞራ በቀጥታ ቢበር ግን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆንለታል። የቀረው 320 ኪሎ ሜትር የት ሄደ? ተራራውን ስንዞር፣ ገደሉን ስንጠመዘዝ፣ ወንዙን የምንሻገርበት ስንፈልግ የምንጨምረው መንገድ ነው።

የአሞራውን ርቀት እንዴት አወቅነው? ምድርን የጂኦግራፊ ሰዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ኬክሮስ በሚባሉ መስመሮች ይከፋፍሏታል። ሁለት ቦታዎች በትክክል በሰሜንና በደቡብ ከተቀመጡ በመካከላቸው ያለው አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ አካባቢ፣ ሰቆጣ ደግሞ ከ12 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አልፋ ትገኛለች። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ከግማሽና ትንሽ ተጨማሪ ነው። በ111 ስታባዙት ወደ 400 ይመጣላችኋል። ላሊበላ ደግሞ ከ12 ዲግሪ ጥቂት ብቻ ስለምታልፍ ከሰቆጣ በቀጥታ መስመር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ናት።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውስ? በቀጥታ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰቆጣ አዲስ አበባ ያለውን የመኪና መንገድ 16 ጊዜ እንደመሄድ ነው።

"ቀጥታ መስመር" ስል ግን የትኛውን ነው? የክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ ይዛችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ፣ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። ቤት ውስጥ ክብ ቅል ካለ አምጡና ሞክሩት። ቅሉ ምድር ነው። ወገቡ አጠገብ በከሰል አንድ ምልክት አድርጉ፤ አዲስ አበባ ናት። ከዚያ ቅሉን ሲሶ ያህል አዙሩና ትንሽ ከፍ ብላችሁ ሌላ ምልክት አድርጉ፤ ዋሽንግተን ናት። አሁን ፈትል ይዛችሁ ከምልክት ወደ ምልክት ወጥሩት። ፈትሉ ወደ ላይ፣ ወደ ቅሉ አንገት ጎበጥ ብሎ ያልፋል። የፈትሉ መንገድ አጭሩ መንገድ ነው።

በእውነተኛዋ ምድር ላይም ፈትሉ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በሱዳንና በሊቢያ ያልፋል፤ የሜዲትራኒያንን ባሕር ጠርዝ ይነካና በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይገባል። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ከዋሽንግተንም ወደ ሰሜን አልፎ ከሄደ በኋላ ዝቅ እያለ ይደርሳል። አብራሪዎች በየዕለቱ እንደ ነፋሱና እንደ አየር ክልሉ ፈቃድ ከዚህ መስመር ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ መሠረቱ ግን ያ የተወጠረ ፈትል ነው።

(አጭር ዜማ)

ሁለተኛው ጉዳያችን ሰዓት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጆሯችሁን አውሱኝ።

የልጅቷ ትኬት እንዲህ ይላል እንበል፤ መነሻ ከዋሽንግተን 11:00፣ መድረሻ አዲስ አበባ በማግስቱ 07:00። ይህን ያነበበ ሰው "7 ሰዓት ላይ ልቀበላት" ብሎ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሄድ ልጅቷ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ትኬት የሚጻፈው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ ቀናችንን የምንጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ከትኬቱ ቁጥር 6 ቀንሱ፤ 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ18 ከበለጠ 18 ቀንሱ፤ 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቁጥሩ 6 ወይም ከ6 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ጨምሩ፤ 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህችን ወረቀታችሁ ላይ ጻፏት፤ ትጠቅማችኋለች።

ሌላም ወጥመድ አለ። ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፤ የመድረሻውም የመድረሻው ከተማ። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ማለት ነው። ሰቆጣና አዲስ አበባ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲታዩ አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ያለው የፀሐይ ልዩነት አንድ ደቂቃ ያህል ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ግን 116 ዲግሪ አለ። በ4 ደቂቃ ስታባዙት 464 ደቂቃ፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል። መንግሥታት ይህን አስተካክለው ሙሉ ሰዓት ያደርጉታል። በእነሱ ክረምት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ 7 ሰዓት ይሆናል። ነሐሴ የእነሱ በጋ ስለሆነ በ7 እናስላ።

ልጅቷ ከዋሽንግተን ስትነሳ እዚያ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ነው። በዚያችው ቅጽበት ሰቆጣ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከብቱ ወደ በረት ይገባል። አዲስ አበባ የምትደርሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 1 ስንት ሰዓት ነው? 13 ሰዓት። ትኬቱን ብቻ አይቶ ከ11:00 እስከ ማግስቱ 07:00 የቆጠረ ሰው ግን 20 ሰዓት ነው ብሎ ይደነግጣል።

ወደ አሜሪካ መሄዱስ? ከአዲስ አበባ መነሻ 22:30፣ ዋሽንግተን መድረሻ በማግስቱ 08:30 ይላል እንበል። በጥሬው ቢቆጠር 10 ሰዓት ነው፤ እንዴት ቀረበ ያሰኛል። ልዩነቱን 7 ሰዓት ጨምሩበት፤ 17 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ። ትኬቱ መሄዱን አጭር፣ መምጣቱን ረጅም አስመስሎ ያሳያል፤ እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወደ አሜሪካ መሄዱ ዳገት፣ ወደ አገር ቤት መምጣቱ ቁልቁለት ነው።

(አጭር ዜማ)

ለምን? ሦስተኛው ጉዳያችን ይህን ይመልሳል፤ አየር ነው።

እናቶች ይህን ከምድጃቸው ያውቁታል። ባቄላ በቆላ ቶሎ ይበስላል፣ በደጋ ይዘገያል። ምክንያቱ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። በባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንደ ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል፤ ባቄላውም ቶሎ አይበስልም።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ደግሞ ከሰቆጣ ጋር ይቀራረባል፤ 2,334 ሜትር ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላንን የሚያነሳው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚሠራው አየር እየማገ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያነሰ ይሸከማል፣ ሞተሩም ያነሰ ይገፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት በማኮብኮቢያው ላይ የበለጠ መፍጠን፣ የበለጠ ርቀት መሮጥ አለበት። ማኮብኮቢያው ግን መጨረሻ አለው፤ ጎማውም የፍጥነት ገደብ አለው። የቀረው መፍትሔ ጭነት መቀነስ ነው።

ምን ይቀነስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር እንውሰድ። ይህ አውሮፕላን ሲነሳ ከነጭነቱ እስከ 228 ቶን ሊመዝን ይችላል። ታንከሮቹ ሙሉ ሲሆኑ 126,000 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛሉ፤ ክብደቱ ወደ 100 ቶን ይጠጋል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ታውቃላችሁ? የ20 አይሱዙ ጭነት ማለት ነው። ለረጅም መንገድ የሚነሳ አውሮፕላን ከክብደቱ ትልቅ ድርሻ ያለው ነዳጅ ነው። ከቦሌ ቀጭን አየር ላይ ያን ሁሉ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ከሙሉ ሻንጣ ጋር ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በልኩ ቀድቶ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል።

ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት የአየርላንዷ ደብሊን ላይ ሲያርፍ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የቶጎዋ ሎሜም ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ በረራዎች ማረፊያ ሆና አገልግላለች። ፈትላችሁን ከአዲስ አበባ ወደ ደብሊን፣ ከደብሊን ወደ ዋሽንግተን ብታስኬዱት ርቀቱ ከቀጥታው የሚረዝመው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። የሚባክነው ርቀቱ አይደለም፤ ጊዜው ነው። መውረድ፣ ማረፍ፣ መቅዳት፣ እንደገና መነሳት። የጨው ነጋዴው ዳገቱ መሃል ጭነት አውርዶ አህያውን እንደሚያሳርፈው ነው።

በመልሱ ጉዞ ግን የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ክንፉ በደንብ ይሸከማል፤ አውሮፕላኑ የሚበቃውን ቀድቶ ይነሳል፣ ሳያርፍም አዲስ አበባ ይገባል።

ነፋስም ያግዛል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአትላንቲክ ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በእነሱ ክረምት ከ200 በላይ ይሆናል። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋው በምድር ላይ 1,000 ይሄዳል፤ ከፊት ቢገጥመው 800። እስቲ 4,000 ኪሎ ሜትሩን ብቻ አስሉ። ከነፋሱ ጋር 4 ሰዓት፣ በነፋሱ ፊት 5 ሰዓት። አንድ ሰዓት ሙሉ ነፋስ ወሰደው። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ፊቱን ይመታዋል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ጀርባውን ይገፋዋል።

የቦሌ ከፍታ ነገር የሚያሳስባቸው ባለሙያዎችም መፍትሔ ሲፈልጉ ቆይተዋል። አየር መንገዱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ላቀደው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ያለ መሆኑ አንዱ ጥቅም ነው። 400 ሜትር ዝቅ ማለት ወፍራም አየር፣ ወፍራም አየር ደግሞ ተጨማሪ ነዳጅና ተጨማሪ መንገደኛ ማለት ነው።

(አጭር ዜማ)

ጊዜው ሲያጥር ርቀቱ እንዳለ መሆኑን ታሪክም ያስተምረናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ። እስከ ካይሮ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የያኔው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበርና በአየር ላይ ብቻ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። የዛሬው ጄት ያንኑ መንገድ በ4 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ካይሮ ወደ እኛ አልተጠጋችም፤ የካይሮ መንገድ ነው ያጠረው።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ደርሳለች። 11,560 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት አልፋለች። ከዚያ ወደ ላሊበላ ትበራለች። 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የአጭር በረራ ጊዜ ርቀቱ በፍጥነት ሲካፈል ከሚገኘው ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ማኮብኮብ፣ መውጣትና መውረድ ጊዜ ይበላሉና።

ከላሊበላ ሰቆጣ የቀራት በአሞራ መንገድ 65 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቁ አውሮፕላን ይህን ያህል ርቀት ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አልፎታል። በመኪና ግን ተራራው ስለሚያዞር መንገዱ በእጅጉ ረዝሞ ሰዓታት ይጠይቃል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ደግሞ የላሊበላ በረራ ተቋርጦ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ከዋሽንግተን ይልቅ የራቀች ሆና ነበር። የታመመ ሰው ወደ ሆስፒታል፣ ማር የያዘ ገበሬ ወደ ገበያ፣ ልጅ ወደ እናቱ የሚደርስበት ጊዜ የሚለካው በመንገዱና በሰላሙ ነው። መንገድ የሠራ ሰው ርቀት ቀንሷል፤ ሰላም የጠበቀም እንዲሁ።

የዛሬውን ትምህርት እናጠቃልል። አንደኛ፣ አጭሩ የሰማይ መንገድ በቅል ላይ የተወጠረ ፈትል ነው። ሁለተኛ፣ የትኬት ሰዓት የየከተማው ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መልሱ፤ ከዚያ ቁጠሩ። ሦስተኛ፣ የሚነሱበት ቦታ ከፍታና የነፋሱ አቅጣጫ መሄዱንና መምጣቱን ያለያዩታል።

ተማሪዎች የቤት ሥራ አላችሁ። መጀመሪያ ከአያቶቻችሁ አንዳቸውን "በእግር ከዚህ እስከ ላሊበላ የስንት ቀን መንገድ ነበር? የት የት ይታደር ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ቀጥሎ ይህን አስሉ። አንድ አውሮፕላን በነሐሴ ወር ከዋሽንግተን በ10:00 ተነስቶ 13 ሰዓት ቢበር አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል? መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንነግራችኋለን።

በጎረቤታችሁም ከሩቅ አገር ልጇን የምትጠብቅ እናት ካለች ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ተቀበሏትና አስሉላት። "ልጅሽ አሁን ባሕሩ ላይ ናት፤ ሊነጋጋ ሲል አገሯ ሰማይ ትገባለች" ብላችሁ ንገሯት። ሌሊቱ ያጥርላታል።



(የመዝጊያ ዜማ)